ኖርዌይን ለማየት የሚነሣ ሰው ጉዞውን እንዴት ያቅድ?

ኖርዌይን ለማየት ያሰበ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ካርታ ዘርግቶ የአገሪቱን ርዝመት ልብ ቢል ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ይተርፍለታል። ከዋና ከተማው ከኦስሎ ተነሥቶ በሰሜን ጫፍ እስከሚገኘው የኖርድካፕ ገደል ድረስ በመኪና የሚሄድ ሰው 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በምዕራቡ ጠረፍ ደግሞ መንገዱ ባሕር በገጠመው ቁጥር ወይ ጀልባ ይጠብቃል፣ ወይ በዋሻ ይሾልካል፣ ወይ የውሃውን ዳር ይዞ ለሰዓታት ይዞራል። ኑሮዬ በዚህ አገር በመሆኑ ከአሜሪካ፣ ከዐረብ አገሮችና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶችንና ወዳጆችን በየዓመቱ አስተናግዳለሁ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ በምዕራብ ያሉትን በርገንንና ጋይራንገርን፣ በሰሜን ያሉትን ሎፎተንንና ትሮምሶን አይተው ለመመለስ አቅደው ይመጣሉ። እንዲህ ያለው ጉዞ ሲያበቃ የሚተርፈው የአውሮፕላን ማረፊያና የመኪና መስኮት ትዝታ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው፣ አንድ ሳምንት ያለው ሰው አንድ አካባቢ ብቻ እንዲመርጥ፣ ከቀናቱም ቢያንስ አንዱን ምንም ሳያቅድበት ለአየሩ ጠባይ መጠባበቂያ አድርጎ እንዲተወው ነው።

ፊዮርድ የሚለው ቃል በአማርኛ ምትክ ስለሌለው እንዳለ እጠቀምበታለሁ። በበረዶ ዘመን ከተራሮቹ ወደ ባሕር ቀስ እያለ የወረደው ግዙፍ የበረዶ ግግር ሸለቆዎቹን ከባሕር ወለል በታች ድረስ ቦርቡሮ አጠለቃቸው፤ በረዶው ቀልጦ ሲሸሽ ባሕሩ ገብቶ ቦታውን ያዘ። በመሆኑም ፊዮርድ ሲያዩት ሐይቅ ይምሰል እንጂ ጨዋማ የባሕር ውሃ ነው። ከሁሉ የሚረዝመው ሶግነፊዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ መሀል አገር ይዘልቃል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ይበልጣል።

የኖርዌይ ተራሮች በቁመት ቢለኩ ለእኛ የሚያስደንቁ አይደሉም። ከሁሉ የሚረዝመው ጋልድሆፒገን 2,469 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከኖርዌይ ተራሮች ሁሉ በላይ ቆሟል ማለት ነው። ልዩነቱ መነሻው ላይ ነው። እኛ ዘንድ ተራራው የሚነሣው ከደጋው ላይ ሲሆን እዚህ ግን ገደሉ ቀጥ ብሎ የሚነሣው ከባሕሩ ነው፤ ከጀልባ ላይ ሆኖ ጫፉን ለማየት አንገትን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ማጠፍ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አገሩ ወደ ዋልታው የቀረበ በመሆኑ 1,200 ሜትር ላይ ዛፍ አይበቅልም፣ በጁን ወር እንኳ በረዶ ይገኛል። የከፍታውን ቁጥር አይቶ ልብስ የሚቀንስ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ በሸራ ጫማ ተራራ ላይ ባለው በፊንሰ የባቡር ጣቢያ ወርጄ እግሬ ደንዝዞ ቀጣዩን ባቡር ስጠብቅ ውያለሁ።

መቼ መሄድ ይሻላል

ትኬትም ሆነ ማደሪያ የሚያዘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ወራቱን በዚያው ስም እጠራቸዋለሁ፤ በጋ ስልም የአገሩን ሞቃት ወቅት ከጁን እስከ ኦገስት፣ ክረምት ስልም በረዷማውን ወቅት ማለቴ ነው። ፊዮርዶቹን ለማየት የሚመጣ ሰው ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለውን ጊዜ ይምረጥ። በሜይ መጨረሻ የተራራው በረዶ መቅለጥ ስለሚጀምር ፏፏቴዎቹ ከዓመቱ ሁሉ ሞልተው የሚወርዱት ያን ጊዜ ነው፤ በሃርዳንገር ፊዮርድ ዳርቻም የፖምና የቼሪ ዛፎች ያብባሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ የተራራ መንገዶች በዚያ ወቅት ገና በበረዶ የተዘጉ ናቸው። ጁላይና ኦገስት ሁሉም ነገር የተከፈተበት፣ ከኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት ጋርም የሚገጥም በመሆኑ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይመቻል፤ ሆኖም ሕዝቡ ይበዛል፣ ዋጋውም ይወደዳል። እኔ ምርጫው ለእኔ ቢተው ሁልጊዜ የምመርጠው የሴፕቴምበርን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ነው። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ይሆናል፣ መንገዱ ገና ክፍት ነው፣ በሰሜኑም በኩል ሌሊቱ መጨለም ስለጀመረ የሰሜን ብርሃን የሚባለው፣ በሌሊት ሰማይ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው ብርሃን መታየት ይጀምራል። ኦክቶበርንና ኖቬምበርን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው አልመክርም፤ በምዕራቡ ጠረፍ ዝናቡ ይበረታል፣ ቀኑም በፍጥነት ያጥራል።

ቪዛና ሰነድ

ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም፣ ከአንዱ አባል አገር ወደ ሌላው ያለ ድንበር ፍተሻ ለመሻገር የሚያስችለው የሸንገን ስምምነት አባል ናት፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚያስፈልገው ሸንገን ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ለመቆየት የሚፈቅድ ሲሆን፣ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ደግሞ ከመነሻው ቀን 15 ቀን በፊት መቅረብ አለበት። ሥራ በሚበዛበት የበጋ ወራት እስከ መጨረሻው ቀን መጠበቅ አደገኛ ስለሆነ ሁለት ሦስት ወር ማስቀደም ይገባል። ከ2024 ዓመት ጁን ወር ወዲህ የአዋቂ ማመልከቻ ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከመመለሻው ቀን በኋላም ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ይጠየቃል። ማመልከቻው የሚቀርበው ሰውየው በሕጋዊነት በሚኖርበት አገር ነው፤ በዱባይ ወይም በሪያድ የሚሠራ ወገናችን ወደ አዲስ አበባ መመለስ ሳያስፈልገው ኢቃማውን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ይዞ በዚያው ያመለክታል። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋቸውም። ወደ ሰሜን ዋልታ ወደሚቀርቡት የኖርዌይ ደሴቶች ወደ ስቫልባርድ ለመሻገር ያሰበ ሰው ግን ደሴቶቹ ከሸንገን ክልል ውጭ መሆናቸውን አውቆ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ይጠይቅ፤ አለበለዚያ ከዚያ ሲመለስ ወደ ዋናው ኖርዌይ የሚገባበት ቪዛ አይኖረውም።

ቪዛው እጅ ከመግባቱ በፊት ገንዘቡ የማይመለስ ማደሪያ ወይም ትኬት መግዛት አይገባም። ከጉዞው ጥቂት ቀናት እስኪቀሩ ድረስ ያለ ክፍያ የሚሰረዝ ክፍል መያዝ ይቻላል፣ ለማመልከቻውም ይበቃል።

ከኦስሎ እስከ በርገን፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው

አንድ ሳምንት ላለውና መኪና ለማይነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ መስመር አላውቅም። ኦስሎን ከበርገን የሚያገናኘው የባቡር መስመር የተመረቀው በ1909 ሲሆን ጉዞው ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባቡሩ ከኦስሎ ከወጣ በኋላ ጫካውንና የገበሬውን ማሳ እያለፈ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ከዚያም ዛፉ ሁሉ ጠፍቶ ድንጋይ፣ ሐይቅና በረዶ ብቻ የሚታይበት የሃርዳንገርቪዳ ከፍተኛ ሜዳ ላይ ይደርሳል። ከመስመሩ ጣቢያዎች ሁሉ ከፍ ያለው ፊንሰ 1,222 ሜትር ላይ ነው፤ ወደ እርሱ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። ትኬቱን ቀደም ብሎ የሚገዛ ሰው ቅናሽ ያገኛል፤ የቅናሹ ትኬት ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ ወደ ጉዞው ቀን በቀረቡ ቁጥር ይጠፋል። የባቡሩን፣ የአውቶቡሱንና የጀልባውን ሰዓት አንድ ላይ ለማየት ኤንቱር የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ይበቃል።

ስለ ሰዓት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ትኬቱ ላይ 08፡25 ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡25 ማለት ነው፤ 16፡05 ደግሞ ከቀኑ 10፡05 ነው። ይህን እያወቁ እንኳ በጉዞ ድካም ተዘናግተው ባቡር ያመለጣቸው ሰዎች ስላየሁ፣ የስልኩን ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጎ እዚህ እስካሉ ድረስ በዚያው መቆየት ይሻላል።

በዚህ መስመር ላይ ሳይወርዱ እስከ በርገን መሄድ ትልቅ ጉዳት ነው። ከመንገዱ ከግማሽ በላይ ከተሄደ በኋላ ሚርዳል በሚባለው ጣቢያ ይወረዳል፤ በዙሪያው ከተማ የሌለው፣ በተራራ መካከል የቆመ ጣቢያ ነው። ከዚያ የሚነሣው የፍሎም ባቡር ከ866 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እስከ ባሕሩ ጠርዝ ይወርዳል፤ በመንገዱም 20 ዋሻዎችን ያቋርጣል፣ ጉዞውም አንድ ሰዓት ያህል ነው። ብዙ ሳይቆይ ሾስፎሰን ፏፏቴ ዘንድ ለጥቂት ደቂቃ ይቆምና ሰዉ ሁሉ ከእንጨት በተሠራው መድረክ ላይ ይወርዳል። ውሃው ከላይ በነጎድጓድ ድምፅ እየወረደ ጉሙን ፊት ላይ ይረጫል፤ መነጽርና የካሜራ ዓይን ወዲያው ይረጥባል። በበጋው ወራት ደግሞ ሙዚቃ ይሰማና ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከፏፏቴው አጠገብ ካለው ዐለት ላይ ብቅ ብላ ትደንሳለች፤ ይህችም በአገሩ ተረት ወንዶችን አታልላ ወደ ተራራ የምትወስደው ሁልድራ መሆኗ ነው። ጃኬቱን ባቡሩ ከመቆሙ በፊት መልበስ፣ መጥረጊያ ጨርቅም በኪስ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቆይታው አጭር ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ሲፈልጉ ጊዜው ያልቃል።

አብዛኛው ሰው ፍሎም እንደደረሰ ወዲያው ጀልባ ተሳፍሮ ይሄዳል። እኔ ግን አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት፣ በፍሎም ወይም በአቅራቢያዋ ባለችው በኤውርላንድ እንዲያድር አጥብቄ እመክራለሁ። ፍሎም ትንሽ መንደር ናት፤ በበጋ ቀን የትላልቅ መርከቦች ተጓዦች ሲወርዱባት መተላለፊያ ይጠፋል። ማታ መርከቦቹ ሲሄዱ ግን ውሃው ይረጋል፣ ከገደሉ የሚወርደው የፏፏቴ ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ በጁን ወርም እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ መብራት መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። በቀን ጊዜ ካለ ወደ ስቴጋስታይን መመልከቻ መውጣት ነው። ከኤውርላንድፊዮርድ 650 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከተራራው ጎን 30 ሜትር ያህል ወደ አየር የወጣ የእንጨት ድልድይ ሲሆን፣ ጫፉ በመስታወት ብቻ የተዘጋ በመሆኑ ከፍታ የሚፈራ ሰው ከመካከሉ ላይ ሆኖ ቢያይም ይበቃዋል።

ከፍሎም እስከ ጉድቫንገን የሚደረገው የጀልባ ጉዞ ሁለት ሰዓት ያህል ሲሆን ናሮይፊዮርድን አቋርጦ ያልፋል። ይህ ፊዮርድ ከጋይራንገርፊዮርድ ጋር በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እጅግ በጠበበበት ስፍራ ስፋቱ 250 ሜትር ብቻ ነው። በአሁኑ ጊዜ በዚህ መስመር ላይ የሚሠሩት ጀልባዎች በኤሌክትሪክ የሚነዱ በመሆናቸው የሞተር ጩኸት የለም፤ ገደል ላይ የሚሰማሩት ፍየሎች ድምፅ ከውሃው ላይ ሆኖ ይሰማል። ከመንደሮቹ አንዷ ኡንድረዳል በፍየል አይብዋ የታወቀች ስትሆን፣ 40 ያህል ሰው ብቻ የምትይዝ ጥንታዊ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አላት። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የሚያውቅ ሰው እነዚህን የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ሳያይ መመለስ የለበትም ብዬ አምናለሁ። በመላው አገሪቱ የተረፉት 28 ብቻ ናቸው፤ በሶግነፊዮርድ ዳር የቆመው የኡርነስ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸ ሲሆን፣ ዕድሜው ከላሊበላ ዘመን ጋር የሚቀራረብ ነው። አንዱ ከዐለት ተፈልፍሎ፣ አንዱ ከጥድ ግንድ ተቀርጾ፣ ሁለቱም እስከ ዛሬ ይጸለይባቸዋል።

ከጉድቫንገን አውቶቡስ ወደ ቮስ፣ ከቮስ ባቡር ወደ በርገን ያደርሳል። ይህን ሁሉ መንገድ በአንድ ጥቅል ትኬት የሚሸጡ አሉ፤ ምቾት አለው፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ የሚገዛ ሰው ባሰኘው ቦታ ማደርና አንዳንዴም ገንዘብ መቆጠብ ይችላል። በርገን በዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ በሆኑ ቀናት ዝናብ የሚያገኛት ከተማ ናት። ነፋሱ ጃንጥላ ስለሚገለብጥ የሚጠቅመው ኮፍያ ያለው፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ነው። በወደቡ ዳር የተደረደሩት ብሪገን የሚባሉት የእንጨት ቤቶች በመካከለኛው ዘመን የጀርመን ነጋዴዎች ከሰሜን የሚመጣውን የደረቀ ዓሣ የሚገበያዩባቸው ነበሩ፤ አሁን የሚታዩት ከ1702 ቃጠሎ በኋላ በቀድሞው መልክ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት በገመድ የሚጎተተውን ባቡር ይዞ 320 ሜትር ወዳለው ወደ ፍሎየን መውጣትና ከተማዋን ከነደሴቶቿ ማየት ነው።

መኪና ለሚነዳ

መኪና ያለው ሰው ከበርገን ወደ ሰሜን ቀጥሎ ጋይራንገርንና ትሮልስቲገንን ሊያይ ይችላል። ትሮልስቲገን በ1936 የተከፈተ፣ 11 እጥፋት ያለው ቁልቁለት ነው፤ ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። መንገዱ በክረምት ይዘጋል፣ በ2024 በጋም በድንጋይ ናዳ ምክንያት ተዘግቶ ነበር፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ በአእምሮ ይዞ መነሣትና በዋዜማው መንገዱ መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በጋይራንገር መንደሩን ብቻ ከማየት ከሄልሲልት በመኪና ጫኝ ጀልባ መግባት የበለጠ ነው፤ በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ሰባቱ እኅትማማቾች የሚባሉት ፏፏቴዎች በአንድ ወገን፣ በገደል ላይ ተንጠልጥለው የቀሩ የገበሬ ቤቶች በሌላ ወገን ይታያሉ።

የመኪና መብራት በቀንም ቢሆን መብራት አለበት። ከከተማ ውጭ የሚፈቀደው ፍጥነት በአብዛኛው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደም ውስጥ ለሚገኝ አልኮል የተፈቀደው መጠን 0.2 ፕሮሚል (ከሺህ 0.2 እጅ) ብቻ በመሆኑ አንድ ቢራ የጠጣ ሰው መሪ ባይጨብጥ ይሻለዋል። የመንገድ ክፍያ የሚነበበው በካሜራ ስለሆነ ሂሳቡ በኋላ በአከራዩ በኩል ይመጣል፤ የኪራዩን ውል ሲፈርሙ ስለዚሁ መጠየቅ፣ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻ ይበቃ እንደሆነም አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። በኤውርላንድና በለርዳል መካከል 24.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመኪና ዋሻ አለ፤ ሾፌር እንዳይደነዝዝ በሦስት ስፍራ ሰፋ ተደርጎ በሰማያዊ መብራት የተዋበ ነው። በዚያው ቦታ በበጋ የሚከፈተው የላይኛው የተራራ መንገድ ግን ጊዜ ላለው ሰው ከዋሻው ይመረጣል።

ሰሜኑ፦ ሎፎተንና ትሮምሶ

ሎፎተን ከዋልታ ክበብ በላይ የሚገኙ ደሴቶች ናቸው። ከኦስሎ ወደ ቡደ በአውሮፕላን፣ ከቡደ ወደ ሞስከነስ ከሦስት ሰዓት በላይ በሚፈጅ የጀልባ ጉዞ ይደረሳል፤ ባሕሩ በሚናወጥበት ቀን ሆድ የሚረብሸው ሰው መድኃኒቱን ከመሳፈሩ በፊት ይውሰድ። ጀልባው ሲቃረብ ደሴቶቹ እንደ መጋዝ ጥርስ ከባሕሩ ተሰልፈው ይታያሉ። ማደሪያን በተመለከተ ሩርቡ የሚባሉት፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ውሃው ዳር የቆሙ ቀይ የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች ከሆቴል ይመረጣሉ፤ ማብሰያ አላቸው፣ ጥቂት ስለሆኑ ግን ለጁላይ የሚፈልጋቸው ሰው በክረምቱ መያዝ ይኖርበታል።

በዚያ ያለ የአገሬው ሰው የሚኮራበት ነገር የደረቀ ዓሣ ነው። በክረምት ከባሬንትስ ባሕር ለመራባት የሚመጣውን ኮድ የሚባል ዓሣ አጥምደው፣ ራሱን ቆርጠው፣ በጅራቱ ሁለት ሁለት አድርገው አስረው ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ድረስ በእንጨት ማስጫ ላይ ይሰቅሉታል። እንደ ቋንጣ ነው፤ ነገር ግን ጨውም ሆነ በርበሬ አይነካውም፣ ቀዝቃዛው ነፋስ ብቻውን ያደርቀዋል። ራሱም አይጣልም፤ ለብቻው ደርቆ አብዛኛው ወደ ናይጄሪያ ይላካል። በአፕሪል የሚመጣ ጎብኚ በማስጫዎቹ ሥር ሲያልፍ ሽታውን መታገስ አለበት፤ እኔ እንኳ እስክለምደው ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

በሎፎተን ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም። የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ሳይዙ መሄድ እንቅልፍ ማጣት ነው። የሙስሊም ተጓዥ ደግሞ የሶላት ሰዓቱን በስልኩ ላይ ብቻ ከማየት በሰሜኑ ያሉ መስጊዶች የሚከተሉትን መርሐ ግብር አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

የሰሜን ብርሃን ለማየት የሚመጣ ሰው ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ትሮምሶን ይምረጥ። ጨለማና ጥርት ያለ ሰማይ ሁለቱም ስለሚያስፈልጉ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ አየሁ አላየሁ ማለት አይቻልም፤ አራት ሌሊት መመደብ ተገቢ ነው። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ ሆኖም በቀኑ አጋማሽ ለጥቂት ሰዓታት ሰማዩ ሰማያዊና ሮዝ ሆኖ ይፈካል። የባሕሩ ሞቃት ሞገድ ስላለ የከተማዋ ብርድ እንደሚፈራው አይደለም፤ ደመና ሲበዛ ወደ መሀል አገር ሲገባ ግን ሰማዩም ይጠራል ብርዱም ይከፋል። ብርሃኑ መጀመሪያ ሲታይ ስስ ደመና ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፋል። የሚጠራጠር ሰው ስልኩን ዓለት ላይ ወይም መቆሚያ ላይ አስደግፎ በሌሊት ፎቶ ማንሻው ቢያነሣው፣ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ እርሱው ነው። ስልክ በብርድ ቶሎ ስለሚዘጋ እስኪፈለግ ድረስ በውስጥ ኪስ ይቀመጥ። ልብስን በሚመለከት ከቆዳው ቀጥሎ የሚለበሰው ሱፍ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል።

ምግብና ወጪ

ኖርዌይ ውድ አገር ናት፤ ከሁሉ የሚያስደነግጠውም የምግብ ቤት ሂሳብ ነው። መፍትሔው ማብሰያ ያለው ማደሪያ ይዞ እንደ ኪዊና ሬማ 1000 ካሉ ሱቆች መግዛት ነው። አብዛኞቹ ትላልቅ ሱቆች እሑድ ዝግ ስለሆኑ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሳይገዙ መቅረት አይገባም። የቧንቧ ውሃ በየትም ቦታ ስለሚጠጣ ለታሸገ ውሃ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ፍልሰታን የሚጾም ሰው፣ ጾሙ ከኦገስት 7 ጀምሮ የጉብኝቱ ወቅት መካከል ላይ ስለሚውል፣ ምስርና ሽሮ ከኦስሎ ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል፤ ግሮንላንድ በሚባለው ሰፈር የአበሻ ሸቀጥ ይገኛል፣ በፊዮርዱ መንደሮች ግን አይገኝም። ክፍያ በየትም በካርድ ስለሆነ ብዙ ጥሬ ገንዘብ መመንዘር ትርፍ ድካም ነው።

ወጪን ከሁሉ በላይ የሚቀንሰው ድንኳን ነው። በ1957 በወጣው ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የውጭ አገር ሰውም ጭምር፣ ባልታረሰና ባልታጠረ መሬት ላይ በእግሩ መሄድና ድንኳን መትከል ይችላል። ግዴታው ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ፣ በአንድ ቦታ ከሁለት ሌሊት በላይ አለመቆየት፣ ከአፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በጫካ አጠገብ እሳት አለማንደድ ነው። በሎፎተን ሕዝብ በሚበዛባቸው ቦታዎች ክልከላ የሚያሳይ ምልክት አለና እርሱን ማክበር ይገባል። ቆሻሻን ይዞ መመለስ ለአገሬው ሰው ከሕግም በላይ ነው።

በእግር ለሚወጣ

ከታወቁት የእግር ጉዞዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የሚስማማው ከስታቫንገር አጠገብ ያለው ፕራይከስቶለን ነው። ከሊሰፊዮርድ 604 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ላዩ እንደ ገበታ የተስተካከለ ዐለት ሲሆን፣ ደርሶ መልሱ 8 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ነው። በመንገዱ ላይ የተነጠፉት የድንጋይ ደረጃዎች ከኔፓል በመጡ የሸርፓ ሠራተኞች የተሠሩ ናቸው። ጫፉ ላይ መከለያ አጥር የለም፤ ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው እጁን እንዳይለቅ። ሌላው የታወቀ ዐለት ትሮልቱንጋ ግን በድካሙ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከታችኛው መነሻ 27 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ፣ ከአሥር ሰዓት በላይ የሚፈጅ ስለሆነ፣ ልምድ የሌለው ሰው ባይሞክረው፣ የሚሞክርም ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ብቻ ቢያደርገው ይሻላል። የመንገዶቹ ምልክት በድንጋይ ላይ የተቀባ ቀይ የላቲን ቲ ፊደል ነው። በዋዜማው ኢር የሚባለውን የአገሪቱን የአየር ትንበያ ማየት፣ የሚሄዱበትን ለሰው መንገር፣ ኮፍያና ጓንት በጁላይም ቢሆን መያዝ የግድ ነው። ለአደጋ ሕክምና የሚደወለው 113፣ ለፖሊስ 112 ነው።

ኖርዌያውያን በልጅነታቸው የሚማሩት ዘጠኝ የተራራ ደንብ አለ፤ ከእነርሱም አንዱ በጊዜ መመለስ አያሳፍርም ይላል። በአንድ የሴፕቴምበር ቀን ከዋሺንግተን የመጡ ዘመዶቼን ይዤ ወደ ፕራይከስቶለን ስወጣ፣ ከጫፉ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረን ጉሙ ወርዶ ከፊታችን ያለው ድንጋይ እንኳ ጠፋን። ከላይ እየወረዱ ያሉ አንዲት አዛውንት ቆም ብለው አየሩ እንደማይከፈት፣ ዐለቱም እንደሚያንሸራትት ነገሩንና ያንኑ ደንብ በእርጋታ አስታወሱን። የአጎቴ ልጅ ይህን ያህል መንገድ መጥቶ መመለስ አንገበገበው፤ ሆኖም ተመለስን። ከአራቱ ቀናችን አንዱን ሳናቅድበት ትተነው ስለነበር በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንደገና ተነሣን፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ አውቶቡስ ሳንጠብቅ በኪራይ መኪና ሄደን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዐለቱ ላይ ደረስን። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ የአጎቴ ልጅ በደረቱ ተኝቶ ወደ ታች ሲመለከት፣ ፊዮርዱን እያቋረጠች የምትሄደው ጀልባ ከኋላዋ ነጭ መስመር እየተወች የጣት ጥፍር ታህል ነበር።